ልጁ ከመስኮቱ ምን ያያል?

ጎንደር ውስጥ ለብስክሌት ነጂዎችና ለበጎ ፈቃደኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ! አብዛኞቻችሁ ሳይክላችሁን ግድግዳው ላይ አስደግፋችሁ ነው የገባችሁት፤ ስለዚህ ስለ ብስክሌት ጥቅም ሰዓት አላጠፋም። የዛሬው ጉዳይ ጠበብ ያለ ነው። ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ ሕፃናትን ለማስደሰት ማታ ማታ በቡድን የሚደረግ ጉዞ እንዴት ቢዘጋጅ ነው ለልጆቹ ለራሳቸው የሚደርሰው? "ለራሳቸው" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ጉዞ ብዙ ጊዜ ነጂው ተደስቶ፣ ፎቶ አንሺው ቀንቶት፣ መንገደኛው አጨብጭቦ፣ አልጋ ላይ ያለው ልጅ ግን ምንም ሳያይ ያልቃል።

ነገሩን በሌላ አገር ሲያደርጉት ቆይተዋል። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፕሮቪደንስ ከተማ ውስጥ ሃስብሮ የሚባል የሕፃናት ሆስፒታል አለ። እዚያ ለታመሙ ልጆች ካርቱን የሚሥል አንድ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ዳር ቆሞ የብስክሌቱን መብራት ብልጭ ድርግም እያደረገ ይሰናበታቸው ጀመር፤ ልጆቹም ከመስኮታቸው በመብራት መለሱለት። ኋላ በዙሪያው ያሉ ሕንፃዎች፣ ጀልባዎች፣ የፖሊስ መኪኖችም ገቡበት። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡30 ነው፤ የሚቆየውም አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ።

አንድ ደቂቃ ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ክንዱን ለመርፌ፣ አፉን ለሽሮፕ፣ ብብቱን ለቴርሞሜትር ሲሰጥ የዋለ ልጅ፣ ለአንዴ እሱ ጣቱን ሲነካ አንድ መንገድ ሙሉ ሰው ይታዘዘዋል። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ መመለስ ካልቻለ የእኛ ጉዞ ሰልፍ ሆኖ ይቀራል። ጎንደር ደግሞ ተኝቶ የሚታከመው ልጅ ብዙ ጊዜ የከተማው ልጅ አይደለም። ከመተማ፣ ከአርማጭሆ፣ ከደባርቅ፣ ከደንቢያ ነው የሚመጣው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የያዘው ልጅ በተለመደው ሕክምና 17 ቀን ሙሉ በየቀኑ መርፌ ይወጋል። ጠያቂ ዘመድ ሩቅ ነው፤ አጠገቡ ያለችው እናቱ ብቻ ናት፣ እሷም ወለል ላይ አንጥፋ የምታድር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ብስክሌት መጥረግ አይደለም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በክፍሉ ኃላፊ ፈቃድ ገብቶ ወደ ውጭ ይመልከት። ቆሞ ግን አይደለም። የቆመ አዋቂ ከመስኮቱ መንገዱን ያያል፤ የተኛ ልጅ የሚያየው ሰማይና የባሕር ዛፍ ጫፍ ነው። ስለዚህ ተጎንበሱና ዓይናችሁን ከፍራሹ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ እዩ። የመስኮቱ ደፍ ከዓይናችሁ በላይ ከሆነ፣ እናንተ መንገድ ላይ ርችት ብትተኩሱም ልጁ አያይም። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፤ ልጁ ተደግፎ እንዲቀመጥ ከነርሶቹ ጋር መነጋገር፣ ወይም መብራቱን ከፍ ማድረግ። ክፍሉ ምድር ቤት ሆኖ ከፊቱ ሁለት ሜትር አጥር ካለ፣ መሪው ላይ የታሰረ መብራት አጥሩ ጀርባ ይቀራል። ከኋላ መጫኛው ጋር ሁለት ቦታ የታሰረ ሸምበቆ ጫፉ ላይ መብራት ይዞ ከመሬት 2 ሜትር ተኩል ቢደርስ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ሽቦና የዛፍ ቅርንጫፍ ይነካል፤ ነፋስ ሲመጣም ነጂውን ያወዛውዘዋል።

ክፍሉ ጭራሽ ወደ መንገድ የማያይ ከሆነስ? ግቢ ውስጥ ለመግባት ይጠየቃል። ካልተፈቀደ ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ሆስፒታል ይፈለጋል እንጂ፣ "መንፈሱ ይደርሳቸዋል" ተብሎ ጀርባ በጀርባ አይነዳም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 24 ብስክሌት አለ እንበል። አንዱ ብስክሌት 1.8 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከፊቱ ካለው 3 ሜትር ይራቅ። በአንድ ረድፍ ሲሄዱ ሰልፉ 115 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢነዱ አንድን መስኮት በ41 ሰከንድ ያልፉታል። ጎን ለጎን ሁለት ሁለት ሆነው ከሄዱ 21 ሰከንድ ነው። ወኔ መጥቶባቸው በ20 ኪሎ ሜትር ከሮጡ ደግሞ 10 ሰከንድ! ግሉኮስ የተሰካበት ልጅ ከነማንጠልጠያው ተደግፎ መስኮት ጋ እስኪደርስ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ረድፍ፣ በዝግታ፣ በሦስት ቡድን ስምንት ስምንት ሆናችሁ፣ በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ትታችሁ እለፉ። የመጀመሪያው ቡድን ያመለጠው ልጅ ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ያገኛል። ሦስተኛው ሲደርስ ያለፉትም ዞረው ይመጡና ሁሉም በአንድነት ይቆማል። በጣም ዝግ ብሎ መንዳት ግን ለብዙ ሰው ያስቸግራል፤ መሪው ይወላገዳል። የማይችል ሰው ይውረድና እየገፋ ይሂድ። ልጁ ለዚህ ደንታ የለውም።

ፍጥነቱን የሚወስነው ሌላው ነገር ከተማችን ናት። ጎንደር እንደ ባሕር ዳር ከተማ ሜዳ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከጉብታ ወደ ጉብታ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ እየወረዳችሁ ስትሄዱ ፍሬኑን እንጂ ፔዳሉን አትነኩትም። መንገድ ስትመርጡ በሆስፒታሉ ፊት በዳገቱ በኩል እንድታልፉ አድርጉ። በዳገት ነጂው ሳይወድ በግድ ይዘገያል፤ ፍሬን ቢበጠስ እንኳ ጉዳቱ ያነሰ ነው። በቁልቁለት ስታልፉ ግን ሰልፉ ይዘረጋል፣ የኋለኛው የፊተኛውን ይገጫል፣ ልጁም የሚያየው ሽው ሲል ነው። ዳገቱ ቀለል ያለ ይሁን፤ የደከመ ሰው ቀና ብሎ አያውለበልብም። ቁልቁለት ብቻ ከሆነ ያለው ምርጫ፣ ሁሉም ወርዶ ይግፋ።

የኮብልስቶን ንጣፍ ሌላ ጣጣ አለው። ሲንገጫገጭ የባትሪ መብራት ግንኙነቱን ያጣና ይጠፋል። ከባትሪው ጀርባ በትንሹ የታጠፈ ወረቀት ሸጉጡበት፤ ይይዛል።

ወደ መብራቱ ከመጣን ዘንድ፣ ከሁሉም በላይ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ርካሽ የብስክሌት መብራቶች ቁልፋቸው ሁለቴ ሲጫን በጣም ፈጣን ብልጭታ ያወጣሉ። በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበራ የሚጠፋ መብራት የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አንዳንድ ልጆች ሊያስነሣባቸው ይችላል። ሕፃናት ክፍል ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ መኖሩ አይቀርም። አንዱ ነጂ በቀስታ ቢያበራም፣ 24ቱ እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ ሲያበራ ከሩቅ ሲታይ ፈጣን ብልጭታ ይሆናል። ስለዚህ የሁሉም መብራት በርቶ ይቆይ፤ ምልክት የሚሰጠው ከሁሉ ፊት የሚነዳው ሰው፣ የፊት መሪው፣ ብቻ ይሁን፤ እሱም አንድ ሰከንድ አብርቶ አንድ ሰከንድ ያጥፋ።

ሁለተኛው የዲናሞ ነገር ነው። ጎማውን እየነካ የሚዞር ዲናሞ ያላቸው የቆዩ ብስክሌቶች አሉ። ሲነዱ ግሩም ያበራሉ። ሲቆሙ ይጠፋሉ። ሰልፉ በሙሉ መስኮት ሥር በቆመበት ቅጽበት ጨለማ የሚሆነው እነሱ ጋ ነው፤ ባትሪ ያለው መብራት ይጨመርላቸው።

ሦስተኛ፣ የፊት መብራታችሁን ወደ መስኮቱ አታቅኑ። ብርቱ ኤልኢዲ ዓይን ያጭበረብራል፤ ልጁ ከብርሃኑ ኋላ ያለውን ሰው አያይም። መብራቱን ወደ ራሳችሁ አዙሩት፣ ወደ ፊታችሁ፣ መሪው ላይ ወዳሰራችሁት ሪባን። ማየት የሚፈልገው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የማያስበው ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት ነው። ማታ የበራ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ወደ መስኮት ብታዩ የምታዩት ራሳችሁን ነው፤ መስኮቱ መልክ ማያ መስታወት ይሆናል። ውጭ ሃምሳ ብስክሌት ቢቆም ልጁ የራሱን ፊትና የጎረቤቱን አልጋ ያያል። ስለዚህ የክፍሉ መብራት ለአምስት ደቂቃ መጥፋት አለበት። ይህን የሚወስነው ደግሞ እኛ ሳንሆን ሲስተሯ ናት። ኦክስጅን የተደረገለት ልጅ ካለ የከንፈሩን ቀለም ማየት አለባት፤ መርፌ የሚሰካ ካለ መብራት ያስፈልጋል። እንዲህ ባሉ ክፍሎች መብራት አይጠፋም። ስትጠይቁ እንዲህ ብትሉ ይሻላል፦ "ሲስተር፣ ሐሙስ ማታ ከ12፡45 እስከ 1፡00 ባለው ጊዜ መድኃኒት የማይሰጥበት፣ ሥራ የማትረካከቡበት አምስት ደቂቃ ይኖራል? መብራት ሊጠፋባቸው የማይችሉት አልጋዎች የትኞቹ ናቸው?" ጥያቄው እንዲህ ሲቆረጥ መልሱም ይቆረጣል። "ልጆቹን ልናስደስት ፈልገን ነበር" ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን "እግዜር ይስጥልን" ተብላችሁ ትሸኛላችሁ። ደግሞም ትክክል ናቸው።

የከተማው መብራት በዚያ ሰዓት ቢጠፋስ? መስኮቱ ያኔ ጥርት ብሎ ያሳያል፤ ነገር ግን ነርሶቹ በመጠባበቂያ ጄኔሬተርና በኦክስጅን ተወጥረው ነው የሚገኙት። ያን ቀን ተመለሱ።

እሳት የሚባል ነገር አይታሰብ። ደመራ የለመደ አገር ስለሆንን ሁልጊዜ "ችቦ ብንይዝስ?" የሚል አይጠፋም። ኦክስጅን ባለበት ሕንፃ አጠገብ ችቦ፣ ጧፍ፣ ፋኖስ፣ ርችት የለም። ጭሱ ብቻውን አስም ያለበትን ልጅ ያስለው ይጀምራል። ክላክስም እንዲሁ። ድምፅ ካስፈለገ የፊት መሪው አንድ ቃጭል ይያዝ፤ ዓይኑ ለተሸፈነ ልጅ እሱ ይበቃዋል።

ልጆቹ የሚመልሱበት የእጅ ባትሪ እናድርስ ካልን፣ አመራረጡ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁልፍ የምታክል ክብ ባትሪ ያለበትን አሻንጉሊት መብራት ፈጽሞ አትግዙ። ልጅ ቢውጣት ጉሮሮው ላይ ተጣብቃ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች፤ ልጅ ትገድላለች። የድንጋይ ባትሪ የሚጎርስ፣ ክዳኑ በካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን ያለው ይሁን። ለ20 አልጋ 20፣ ለብልሽት 4 ጨምሩ። እያንዳንዱ በ70 በመቶ አልኮል ተጠርጎ በየራሱ ላስቲክ ይግባ፤ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው አይተላለፍ። እጁ ላይ መርፌ ለተሰካበት ልጅ በሌላው አንጓው ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ይደረግለት። የሚያድሉት ነርሶቹ ወይም አስታማሚዎቹ ናቸው። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ነጭ የደም ሴሉ ስለሚወርድ የእኛ ጉንፋን ለእሱ ጉንፋን ብቻ አይደለም፤ 24 ላብ ያሰመጠው ሰው ክፍሉ ውስጥ ምን ይሠራል? ውጭ መቆማችን ለዚህ ነው።

ከረሜላና ብስኩትም ይቅር። ለነገ ቀዶ ሕክምና ጾሞ የሚያድር ልጅ አለ። በምግብ እጥረት ተጎድቶ የገባውም በሚሊ ሊትር ተለክቶ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ የሚጠጣው ወተት አለው፤ ከዚያ ውጭ የሚገባ ነገር ሊጎዳው ይችላል። ፊኛ ሲፈነዳ ቁራጩ ያንቃል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ማምጣት የፈለገ መሪው ላይ ይሰር፤ ከመስኮት በኩል ቢጫው ያምራል፣ አፈሩና ብናኙም ከልጁ ይርቃል። መስጠት የግድ ካለባችሁ ክፍሉን ምን እንደጎደለ ጠይቁ፤ ሳሙና ወይም ወደ አገር የሚመልስ የመኪና ትራንስፖርት ሊሆን ይችላል። ደም መለገስም ከሁሉ ይበልጣል፤ ግን ከጉዞው በሌላ ቀን። ደም ሰጥቶ ዳገት የሚወጣ ሰው ራሱ በሽተኛ ሆኖ ይገባል።

ብስክሌቱን በሚመለከት አጭር ልበል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ ጎሚስታው ያውቃል። ከመነሣታችሁ ቀን በፊት እንጂ በዕለቱ አትፈትሹ፤ በዕለቱ የተገኘ ብልሽት አይጠገንም። የፍሬኑን መያዣ ስትጨብጡት መሪውን ከነካ ሽቦው ይወጠር። የፍሬኑ ጎማ ከቸርኬው በሁለቱም በኩል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ለ26 ቁጥር ጎማ ነፋሱ በግፊት መለኪያው ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ ይሁን። ካቴናው መሐሉ ላይ ሲጫን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ አይላላ። ለ24 ሰው አራት ካላማዳሪ፣ ሁለት መንፊያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ 15 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ይበቃል። አንድ ፒካፕ ከኋላ ይከተል።

ከብልሽት ይልቅ የሚጥለው ጌጡ ነው። የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ የሚታሰር ሪባን ከአንድ ስንዝር አይበልጥ፤ ረጅሙ ካቴና ውስጥ ይገባል። የመብራቱን ሽቦ ከብረቱ ጋር አስጠግታችሁ በየስንዝሩ በኤሌክትሪክ ፕላስተር እሠሩት። የአገር ልብስ ለብሳችሁ ልትመጡ ትችላላችሁ፣ ማታ ነጩ ስለሚታይ ጥሩ ነው፤ ነጠላችሁን ግን ወገባችሁ ላይ አጥብቃችሁ እሠሩ። ዘርፉ የኋላ ጎማ ውስጥ ሲገባ ጎማው ይቆማል፣ ሰውየው አይቆምም። ስለ ቲሸርት ደግሞ ሁልጊዜ ክርክር አለ። ማሳተሙ በጀቱን ይበላዋል፤ ማታ ደግሞ ማንም አያነበውም። በዚያ ገንዘብ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዙ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጎንደር ላይ ፀሐይ በኅዳር 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ በሰኔና በሐምሌ ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች። ከጠለቀች ከ25 ደቂቃ በኋላ መብራት ጎልቶ ይታያል። ሐምሌና ነሐሴን ዝናብ ይዟቸዋል፤ አትሞክሩት። ከጥር 10 እስከ 12 በጥምቀት ምክንያት የፋሲል መዋኛ አካባቢ በሰው ይሞላል፤ እንኳን 24 ብስክሌት አንድም አያልፍም። የበዓል ዋዜማዎች ጥሩ ናቸው፤ ዒድን ከገና እኩል ቁጠሩ፣ ክፍሉ ውስጥ የሁሉም ልጅ አለ። የማታ እንቅስቃሴ ገደብ ባለበት ወቅት ጉዞው ወደ ረፋድ ይዛወር፤ መብራቱ በጃንጥላና በባንዲራ ይተካ፣ ልጆቹም በባትሪ ፋንታ ባለቀለም ጨርቅ ያውለብልቡ። ፈቃድ ስትጠይቁ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አስቀድሙ፤ ሌላው ቢሮ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ማን ፈቀደላችሁ?" ብሎ ነው። መንገዱን በወረቀት ሥላችሁ፣ የሰውና የብስክሌት ብዛት ጽፋችሁ ለትራፊክ ፖሊስ አስገቡ። በየመታጠፊያው አንድ አንድ አስተባባሪ ይቁም፤ የባጃጅ ሾፌሮችን ቀድሞ ማናገር ከፊሽካ ይሻላል።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ተጠሪ ይኑር፤ ከነጂዎቹ ጋር የሚነጋገረው በሚስኮል ነው። አንድ ሚስኮል "ተነሥተናል"፣ ሁለት "ሦስት ደቂቃ ቀረን፣ ልጆቹን አስቀምጡ" ማለት ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ አንድ ሚስኮል ከመጣ "አትምጡ" ነው። ለምን እንደሆነ አይጠየቅም። ክፍሉ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እያለቀሰ ሊሆን ይችላል፤ ያን ማታ መብራትና ሪባን ይዞ መስኮት ሥር መቆም ነውር ነው። ሰልፉ ካለበት ይመለሳል።

ስም አትያዙ፤ ከተያዘም የአልጋ ቁጥር። በሚቀጥለው ወር አልጋው እዚያው ነው፣ ልጁ ግን ድኖ አገሩ ገብቶ፣ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። "ለሳምንት እንመጣለን" ብሎ ቃል መግባትም ይቅር። ወደ መስኮቱ የሚያይ ካሜራ አይኖርም፤ ቲክቶክ ላይ የወጣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመለስ በበሽታው ይጠራል። ራሳችሁን ፎቶ ተነሡ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

መስኮቱ ሥር ስትቆሙ የፊት መሪው ሦስት ጊዜ ያበራል፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የመጀመሪያው መልስ ሲዘገይ ሰው ይደነግጥና ማጨብጨብ፣ መዝፈን ይጀምራል። ታገሡ። ልጁ ቁልፉን እየፈለገው ነው። ሁለት ካበራ የፊት መሪው ሁለት ይመልስለት፣ አምስት ካበራ አምስት። አምስት ደቂቃው ሲሞላ ቀድማችሁ መብራት አታጥፉ፤ በርታችሁ ሂዱ፣ የመጨረሻው ነጂ ቀይ መብራት ከመታጠፊያው እስኪሰወር ይታይ።

ነጂዎቹ ከሄዱ በኋላ ተጠሪው ከነርሷ ጋር ባትሪዎቹን ይሰብስብ፣ ያጽዳ፣ ይቁጠር። 20 ከወጣ 20 ይገባል። አንድ ከጎደለ ፍራሽ ሥር፣ ትራስ ውስጥ ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቶ እያበራ ሲጫወትበት ነው። ያን ጊዜ ብሎኑ መጥበቁን አይቶ ይተውለታል፤ ዝርዝሩ ላይም ከአልጋው ቁጥር ጎን "ልጁ ጋ ነው" ተብሎ ይጻፋል።